ድምፅና ትንፋሽ፦ ከፎኖግራፍ እስከ የቡ ወንፊት

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ወረቀት ነው፤ ደብዳቤ፣ ዜና መዋዕል፣ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ። ዳሩ ግን በዚህ በኛ በቡና አገር፣ በጅማና በየቡ፣ በአጋሮና በሊሙ፣ ከታሪኩ ብዙው የተቀመጠው በሽማግሌ አፍ ነው። ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የታወቀውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ የመጽሐፉን ትልቅ ክፍል ያገኘው እዚሁ መጥቶ ሽማግሎችን ጠይቆ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች የገለጠ ሰውም በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጠያቂ አባቶችን ስም ዝርዝር ያያል።

ዛሬ እኛም እንደነሱ እንጠይቃለን፤ ልዩነቱ በእጃችን ስልክ መኖሩ ነው። የቀዳነውን ስናዳምጠው ግን አንዳንዴ በቃሉ መሃል «ቡፍ» የሚል ነገር ገብቶ ስሙን ውጦት እናገኛለን። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የጠፋው የአንድ ንጉሥ ስም ሊሆን ይችላላ! እንግዲህ ይህ «ቡፍ» ከየት እንደመጣና በምን እንደሚገታ ከታሪኩ ጋር አያይዘን እናያለን።

የአገራችን የተቀዳ ድምፅ ታሪክ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀዳ መልእክት ለአፄ ምኒልክ ላከች። ቱቦው ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አስቀድማ አዝዛ ነበርና እንዳለችው ተደረገ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ግን በተራቸው ድምፃቸውን በሰም ቱቦ አስቀርጸው መለሱ፤ ያም ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ ተሰማ እሸቴ (በኋላ ነጋድራስ የተባሉት) የመኪና ሙያ ሊማሩ ጀርመን አገር ሄደው በበርሊን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ።

እነዚህ ድምፆች ሲቀዱ ማይክሮፎን የሚባል ነገር በሥራው ላይ አልነበረም። ሰውየው በትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩምባ ውስጥ ይጮኻል፤ ድምፁ በጡሩምባው ጫፍ ያለውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጣል፤ ገበታው መርፌውን፣ መርፌው ሰሙን ይቆረቁራል። መሣሪያው ጆሮው ደንቆሮ ቢጤ ነበር። በጣም ወፍራሙንም በጣም ቀጭኑንም ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቅጂዎች «ስ» እና «ሽ» ይደበዝዙባቸዋል፤ የትንፋሹም ጉምጉምታ እምብዛም አይገባባቸውም። ድንቁርናው በአንድ በኩል ጎዳ፣ በሌላ በኩል ጠቀመ ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1925 የሸክላ ፋብሪካዎች በኤሌክትሪክ መቅዳት ሲጀምሩ ነው። ማይክሮፎኑ ረቂቅ ጆሮ ይዞ መጣ። ዘፋኝ መጮኹ ቀረና ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ ማንጎራጎር ሆነ። አፍ ሲጠጋ ታዲያ ትንፋሽም አብሮ ተጠጋ። ችግሩ የተወለደው እንግዲህ መሣሪያው ሲሻሻል እንጂ ሲበላሽ አይደለም።

በኛም አገር መንገዱ ይኸው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲመጣብን የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ወደ ውጭ አገር ተላለፈ። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ አቋቁሞ የከተማውን ዘፈን ማሳተም ያዘ። ከዚያ ወዲያ ካሴት መጣ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ ዕቃ መቅዳትን ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደ ሳሎንና ወደ ገበያ አወረደው። ማንም ሰው ቀጂ ሆነ። ግን የስቱዲዮው ሰው የሚያውቃት ብልሃት ከካሴቱ ጋር አልወረደችም።

ብልሃቷ ምንድን ናት? መጀመሪያ የነገሩን ባሕርይ እንወቅ። ድምፅ የአየር ንቅናቄ ነው፤ አየሩ እዚያው እየተርገበገበ መልእክቱ ያልፋል እንጂ አየሩ ራሱ አይጓዝም። ትንፋሽ ግን የሚጓዝ አየር ነው። «ፕ» ወይም «ብ» ስንል ከንፈራችንን ገጥመን አየር እናጠራቅምና በድንገት እንለቀዋለን። የተለቀቀው አየር የማይክሮፎኑን ስስ ቆዳ በጥፊ ይመታዋል፤ «ቡፍ» የሚለው ይህ ጥፊ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ጠባይ ልብ እንበል። በአማርኛ «ፕ» በብዛት የምትገኘው ፖሊስና ፖስታን በመሰሉ የውሰት ቃላት ነው። የአገራችን ስም ያለባት «ጵ» ደግሞ ጉሮሮ ተዘግቶ ስለምትነገር ጠንካራ ብትመስልም ይዛ የምትወጣው አየር ጥቂት ነው፤ በአፋን ኦሮሞም «ታጳ» (ጨዋታ) ስንል ያለችው እሷው ናት። እንግዲህ ለኛ ዋናዋ አስቸጋሪ «ብ» ናት፤ በተለይ በቃል መጀመሪያ ስትሆንና ስትጠብቅ። የጅማን ነገሥታት እንቁጠር፦ አባ ጅፋር ቀዳማዊ፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ አባ ጅፋር ዳግማዊ። አምስቱም ላይ «አባ» አለ! ቡናውም «ቡ»፣ ከተማውም የቡ። የዚህ አገር ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በ«ብ» የተሞላ ነው። «አባ» ሲባል ማይክሮፎኑ ተመትቶ ቀጥሎ ያለው ስም ከተዋጠ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያዳምጠው ተማሪ «የትኛው አባ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

የስቱዲዮ ሰዎች መፍትሔውን ያገኙት በቀላል ነገር ነው፤ በሽቦ ክብ ላይ የተወጠረ የሴት ናይለን ስቶኪንግ። ፖፕ ፊልተር የሚሉት ይኸው ነው፤ እኛ የትንፋሽ ወንፊት ብንለው ያስኬዳል። የመድረክ ማይክሮፎን ራስ ላይ የምናየው የወንፊት ኳስም ከዚያው ወገን ነው፤ ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው በዝነኛው ኤስ ኤም 58 ኳሱ ውስጥ ስፖንጅ አለበት። ሥራው ጀበናችን አፍ ላይ እንደሚወተፈው የፈረስ ጭራ ነው፤ ቡናው ያልፋል፣ አተላው ይቀራል። ክሩ የትንፋሹን ዥረት በመቶ ቦታ ይበጣጥሰዋል፤ ድምፁ ግን ሳይነካ ያልፋል።

አሠራሩ እነሆ። መረቡ ያለቀ አሮጌ ወንፊት የሌለበት ቤት የለም። መረቡን አውጥተን ክቡን እናስቀር፤ ከሌለም የልብስ መስቀያ ሽቦ አጉብጠን የሰሐን ያህል ክብ እናብጅ። ስቶኪንጉን እንደ ከበሮ ሳይሆን ልከኛ አድርገን ወጥረን በክር እንሰር። ሁለት ድርብ ቢሆን፣ በመካከላቸውም የጣት ውፍረት ክፍተት ቢኖር የተሻለ ነው። ስቶኪንግ ከጠፋ ስስ ነጠላ ይሆናል፤ ወፍራም ጨርቅ ግን «ስ» እና «ሽ»ን ይበላልና እንደ ድሮው ጡሩምባ ያደርገናል። ለመፈተን መዳፋችንን ከጀርባው ይዘን «ፓ» እንበል፤ ትንፋሹ መዳፋችንን ከመታው ጨርቁ አልበቃም።

ወንፊቱ ከማይክሮፎኑ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከተጣበቀበት ጥቅም የለውም። አፍ ደግሞ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ይራቅ። ማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ከሚሆን ትንሽ ወደ ጎን ቢዞር ትንፋሹ አልፎ ይሄዳል። ከቡናው ጥላ ሥር የምንቀዳ ከሆነ ደግሞ ይህ ወንፊት የሜዳ ነፋስን እንደማይችል እንወቅ፤ ለዚያ ማይክሮፎኑን በስፖንጅ መሸፈን ያሻል።

«በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጉምጉምታው ይቀነስ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥፊው ማይክሮፎኑን ከአቅሙ በላይ አስጩኾት ከሆነ በዚያች ቅጽበት የነበረው ቃል አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ ነገር ከየት ይመለሳል?

ሌላም ነገር አለ። በወንፊት ፈንታ ሽማግሌውን «አባባ፣ ራቅ ይበሉ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» እያልን የምናስቸግር አለን። ይህ ነውር ከመሆኑም በላይ ወግ ያበላሻል፤ ሰውየው ስለ አፋቸው ማሰብ ሲጀምሩ ስለ አባ ቦቃ ማሰብ ይተዋሉ። መታረም ያለበት ዕቃው ነው፤ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ይናገሩ።

ስለዚህ በዚህ እረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ የቡም ሆነ አጋሮ፣ ጌራም ሆነ ሊሙ፣ አንዳንድ ወንፊት በቦርሳችን እንያዝ። ቅጂው ሲጀምር የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይነገር። ቅጂው በአንድ ስልክ ብቻ አይቅር፤ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ያሉን ደግሞ ከነሱ እንጀምር።