ዳግማዊ ዦአዎ፣ የፖርቱጋል ንጉሥ (1455–1495)

ዳግማዊ ዦአዎ ፖርቱጋልን ከ1481 እስከ 1495 የገዛ ንጉሥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሕንድ የሚያደርሰውን የባሕር መንገድ ፍለጋ በዕቅድ የሚመራ የመንግሥት ሥራ ያደረገው እሱ ነው። መልእክተኛው እስከ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት በመድረሱም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። የአገሩ ሰዎች «ፍጹሙ ልዑል» ይሉታል፤ ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ግን ከብልሃቱ ጎን ጭካኔውንም ያገኛል።

በግንቦት 1455 ሊዝበን ውስጥ ከንጉሥ አምስተኛ አፎንሶና ከንግሥት ኢዛቤል ተወለደ፤ እናቱ በዚያው ዓመት ሞተች። በ1471 ከአባቱ ጋር ዘምቶ የሞሮኮዋን አሲላ ሲይዙ ነበረ። የካስቲልን ዘውድ በተመለከተው ጦርነትም በ1476 ቶሮ ላይ ተዋጋ። ለኋላው ዘመኑ የበለጠ የጠቀመው ግን በ1474 የጊኒ ጠረፍ ንግድን እንዲመራ መሾሙ ነው። ከመንገሡ በፊት ስለ ወርቅ፣ ስለ መርከብና ስለ ነፋስ ብዙ አውቆ ነበር።

አባቱ ለመኳንንቱ ርስት ሲያድል የኖረ ሰው ስለነበር፣ ዦአዎ «የወረስኩት መንገዶቹን ብቻ ነው» ብሎ አማረረ ይባላል። እንደ ነገሠ በኤቮራ ጉባኤ ጠርቶ መኳንንቱን ተንበርክከው ታማኝነታቸውን እንዲምሉ አስገደዳቸው፤ የንጉሥ ሹሞችም በርስታቸው ገብተው እንዲመረምሩ አደረገ። ከሁሉም በሀብት የሚበልጠው የብራጋንሳ መስፍን ከካስቲል ነገሥታት ጋር ተማከረ ተብሎ በ1483 ኤቮራ አደባባይ ላይ ተሰየፈ። በማግስቱ ዓመት የሚስቱ ወንድም የቪዜው መስፍን ሲያሴርበት ተገኘ፤ ዦአዎ ሴቱባል ጠርቶ በገዛ እጁ በጩቤ ገደለው። የሟቹን ታናሽ ወንድም ማኑኤልን ግን አልነካውም፤ ርስቱንም ሰጠው።

በ1482 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ጠረፍ ላይ የሳዎ ዦርዥ ዳ ሚና ምሽግ ተሠራ። የተጠረበው ድንጋይና እንጨት ከፖርቱጋል በመርከብ ተጭኖ የሄደ ነበር። ከዚያ የሚመጣው ወርቅ ለንጉሡ የጉዞዎቹን ወጪ ሸፈነለት። ይኸው ንግድ ግን ሰውን በባርነት መሸጥንም ያካትት ነበር፤ ይህን ትቶ የሚያሞግስ ታሪክ ጎደሎ ነው። ዲዮጎ ካዎ የኮንጎን ወንዝ አፍ ደርሶ የድንጋይ ሐውልት አቆመ። ሐኪሙና የከዋክብት አዋቂው ዦዜ ቪዚኞ ደግሞ በ1485 ወደ ጊኒ ተልኮ የፀሐይን ከፍታ ለካ፤ መርከበኞች ከምድር ወገብ በታች የሰሜን ኮከብ ሲሰወርባቸው ያሉበትን ማወቅ ነበረባቸውና። ኮሎምበስ በምዕራብ በኩል እስያ እደርሳለሁ ብሎ ሲመጣም የንጉሡ አማካሪዎች ርቀቱን አሳንሷል ብለው መለሱት። በስሌቱ ልክ ነበሩ።

የዦአዎ ትልቁ ዓመት 1487 ነው፤ አንዱን ጥያቄ በሁለት በኩል ጠየቀ። ባርቶሎሜው ዲያስ በባሕር ወረደ፤ በ1488 የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ዞሮ ተመለሰ። በምድር ደግሞ ዐረብኛ የሚያውቀው ፔሮ ዳ ኮቪልያና ጓደኛው አፎንሶ ደ ፓይቫ በነጋዴ መልክ ተላኩ። ሥራቸው ቅመም የሚመጣበትን አገርና አውሮፓውያን «ቄስ ዮሐንስ» የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ መፈለግ ነበር። በኤደን ተለያዩ፤ ኮቪልያ ካናኖርን፣ ካሊከትን፣ ጎዋን፣ ሆርሙዝንና ሶፋላን አየ። ካይሮ ሲመለስ ፓይቫ ሞቶ አገኘ፤ ንጉሡ የላካቸው ሁለት አይሁዳውያን ደግሞ ይጠብቁት ነበር። ያየውን ጽፎ ለአንዱ ሰጠና የሟቹን ጉዳይ፣ የቄስ ዮሐንስን ፍለጋ፣ ሊፈጽም ወደ ኢትዮጵያ አቀና። አፄ እስክንድር በክብር ተቀበለው፤ ንጉሡ ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ግን ተከትለው የነገሡት እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። ርስት ተሰጥቶት፣ አግብቶና ወልዶ ኖረ። በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን በሕይወት አገኘው፤ ስለ እሱ የምናውቀውም በአብዛኛው የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከራሱ አንደበት ሰምቶ በመጻፉ ነው።

በ1491 በሕጋዊ ጋብቻ የወለደው አንድ ልጁ አፎንሶ ታጁ ወንዝ አጠገብ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። የካስቲልን ልዕልት ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1492 ከስፔን የተባረሩ አይሁዳውያን በገንዘብ ለስምንት ወር እንዲገቡ ፈቀደ፤ በጊዜው መውጣት ያልቻሉትን ባሪያ አደረገ፤ ልጆችንም ከወላጆቻቸው ነጥቆ ወደ ሳዎ ቶሜ ደሴት ላከ፤ ብዙዎቹም እዚያ አለቁ። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ኮሎምበስ ለስፔን ካደረገው ጉዞ በ1493 ሲመለስ ወደ ስፔን ከመድረሱ በፊት ሊዝበን ገባ፤ ዦአዎም አዲሱ ምድር የእኔ ነው አለ። ክርክሩ በሰኔ 1494 በቶርዴሲያስ ውል ተቋጨ። የሁለቱን አገሮች ድርሻ የሚከፍለው መስመር ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች በስተምዕራብ 370 ሊግ ላይ ሲሰመር ወደ ሕንድ የሚወስደው የአፍሪካ ዙሪያ መንገድ ለፖርቱጋል ቀረ።

ዦአዎ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ዦርዥን ለማንገሥ ቢሻም ሚስቱ ንግሥት ሌዎኖር አልተቀበለችም። በመጨረሻ ወንድሟን ማኑኤልን ወራሽ አደረገ። ጥቅምት 25 ቀን 1495 አልቮር ላይ በ40 ዓመቱ ሞተ፤ ተመርዟል የሚል ወሬም ተነሣ። ሲልቭስ ተቀብሮ በ1499 አፅሙ ወደ ባታልያ ገዳም ፈለሰ። በዚያው ዓመት ቫስኮ ዳ ጋማ ከሕንድ ተመልሶ ሊዝበን ገባ፤ የድሉን ክብር የወሰደው ማኑኤል ነው።