ተከታታይ ምዘና (አዳማ)

ተከታታይ ምዘና ውጤትን በአንድ ማጠቃለያ ፈተና ብቻ ሳይሆን በትምህርቱ ሂደት በሚሰጡ ሙከራዎች፣ የቤት ሥራዎችና ፕሮጀክቶች የሚለካ አሠራር ነው፤ በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ደግፎታል። ይሁንና መቶውን ነጥብ ለትንንሽ ፈተናዎች መሸንሸን ብቻውን ኮርስን አይለውጥም፤ እንዲያውም የፈተናውን ጭንቀት ከሰኔ ወደየሳምንቱ ያዛውራል። ለአዳማ የሚቀርበው አርአያ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው ነው። የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክኒክ ኮሌጅነት ነው የጀመረው። በሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ በሚባለው፣ ተመዛኙ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል፤ ያልበቃውም ተለማምዶ ይመለሳል። የብየዳው ስፌት ቀዳዳ ካለበት የጽሑፍ ፈተናው ዘጠና አይደፍነውም፤ አማካይ ውጤት ግን ይሸፍነዋል።

ድጋሚ ዕድል ስንፍናን ያበረታታል የሚሉ አሉ። መስፈርቱ ዝቅ እስካላለ ድረስ ግን ድጋሚው ተጨማሪ ሥራ እንጂ ምሕረት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ጥራቱን ይጠብቃል ቢባልም፣ ክፍተቱን የሚያሳየው ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ ነው። ከባዱ ተቃውሞ የክፍል ብዛት ነው፦ አንድ መምህር የመቶ ተማሪ ሪፖርት ደጋግሞ ማረም አይችልም። ስለዚህ ድጋሚው ለሁሉም ሳይሆን ቀጣዩ ኮርስ ለሚመሠረትባቸው ጥቂት ክህሎቶች ቢወሰን ይበጃል።