ዳርዊን የያዘው፣ ሳጥን ውስጥ የተረሳው ጥንዚዛ

እስቲ ጫካ ስትገቡ መሬት ላይ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ቀጠን፣ ረዘም ያለ ጥንዚዛ ሮጦ ሲያመልጥ ታዩ ይሆናል። ጠንካራው የክንፍ ልባሱ አጭር ስለሆነ ሆዱ ከኋላ ተራቁቶ ይታያል። ክንፍ የለውም ብላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ! አብዛኞቹ ረጅሙን የመብረሪያ ክንፋቸውን እንደ ወረቀት አጣጥፈው እዚያው አጭር ልባስ ሥር ይደብቁታል። ሳይንቲስቶች ይህን የጥንዚዛ ቤተሰብ ስታፊሊኒዴ ይሉታል፤ እስካሁን የታወቁት ዝርያዎቹ ከ60,000 ይበልጣሉ። የዛሬው ታሪካችን ስለ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1832 ቻርለስ ዳርዊን ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ካምብሪጅ ተማሪ ሳለ ጀምሮ የጥንዚዛ ፍቅር ይዞታል። ቢግል በተባለችው መርከብ ሲጓዝ አርጀንቲና፣ ባሂያ ብላንካ ደረሰ፤ እዚያም አንድ ልዩ ጥንዚዛ ያዘ። ጭንቅላቱና ደረቱ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ አንቴናው ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው።

ታዲያ ከዚያስ? ጥንዚዛው ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገባ፤ ስም ሳይወጣለትም ተረሳ። ይህ አይግረማችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት ነፍሳት በሚሊዮን ይቆጠራሉ፣ አንድ በአንድ የሚለዩት ባለሙያዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ አሜሪካ የሚያስተምረው ተመራማሪ ስቲሊያኖስ ቻትዚማኖሊስ ለጥናት ከሙዚየሙ ጥንዚዛዎች ተዋሰ። ከመካከላቸው አንዱ ከሚያውቃቸው ወገኖች ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለው። አብሮት የነበረችውን ትንሽ ወረቀት ሲያይ፣ ለካ ዳርዊን የሰበሰበው ኖሯል! ስለዚህ አዲስ ወገን ተፈጠረለት፤ ዳርዊኒለስ ተባለ። ሙሉ ስሙ ዳርዊኒለስ ሴዳሪሲ ነው። ሁለተኛው ስም የመጣው ከአሜሪካዊው ደራሲ ዴቪድ ሴዳሪስ ነው፤ ተመራማሪው ናሙናዎቹን ሲያዘጋጅ የደራሲውን መጻሕፍት በድምፅ ያዳምጥ ነበር። ጥናቱ የወጣው በ2014፣ ዳርዊን በተወለደበት ቀን፣ የካቲት ወር ውስጥ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው እንምጣ። ጥናቱ ሲወጣ በዓለም የታወቁት የዚህ ወገን ናሙናዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ወንዶች። ሁለተኛው በርሊን ሙዚየም ያለው ሲሆን፣ ከ1935 በፊት እዚያው አርጀንቲና፣ ሪዮ ኳርቶ የተገኘ ነው። ጥንዚዛዎቹ በተያዙባቸው አካባቢዎች ዛሬ አብዛኛው መሬት ታርሷል። በሕይወት ያለ ካልተገኘ፣ ይህ ወገን ስም ያገኘው ምናልባት ከጠፋ በኋላ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ያተረፈችልን ያቺ ጣት የማታክል ወረቀት ናት። እናንተም አንድ ቀን ነፍሳት ከሰበሰባችሁ የት፣ መቼ፣ ማን እንደያዘው መጻፍ እንዳትረሱ። ከ180 ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው አይታወቅማ!