«ትድናለች ወይ?»፦ የማኅፀን በር ካንሰር ጠቋሚ ፕሮቲኖች ታሪክና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የማኅፀን በር ካንሰር የተገኘባት ሴት ባል፣ እኅት ወይም ልጅ ከሐኪም ፊት ሲቆሙ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ትድናለች ወይ?» ብለው ነው። ታማሚዋ ራሷ ብዙውን ጊዜ ዝም ትላለች፤ መልሱን አብልጣ የምትጠብቀው ግን እርሷ ናት። ጥያቄው በቢጠና ላለ የጤና ባለሙያም፣ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላለ ሐኪምም፣ በአዲስ አበባ ለሚገኘው የካንሰር ስፔሻሊስትም አንድ ነው።

የሕክምና ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ ከግምት የተሻለ መልስ ለማግኘት ረጅም ጉዞ ተጉዟል። ካለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ፍለጋው ከዕጢው ስፋት አልፎ በሕዋሳቱ ውስጥ ወደሚገኙት ፕሮቲኖች ዘልቋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍለጋውን ታሪክ በአጭሩ መተረክና ታሪኩ ከላቦራቶሪ ርቆ ለሚሠራው የጤና ባለሙያ ምን እንደሚያስተምር ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፕሮቲኖቹ በፊት

በ1842 ሪጎኒ-ስቴርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬሮና ከተማን የሞት መዝገቦች መርምሮ የማኅፀን ካንሰር በመነኮሳት ላይ እጅግ ጥቂት፣ ባገቡ ሴቶች ላይ ግን ብዙ መሆኑን አስታወቀ። በሽታው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ዝምድና እንዳለው የጠቆመው ይህ ምልከታ ማብራሪያውን እስኪያገኝ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የራዲየም ሕክምና ሲስፋፋ በተለያዩ አገሮች የተገኘውን ውጤት ማወዳደር አስፈለገ። በ1920ዎቹ መጨረሻ የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ባለሙያዎች በሽታውን በደረጃ የሚከፍል ሥርዓት ዘረጉ። ይህ ሥርዓት ከጊዜ በኋላ ወደ ዓለም አቀፉ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌደሬሽን፣ ወደ ፊጎ፣ ተላልፎ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተሻሻለው በ2018 ነው። መሣሪያው ቀላል ነበር፤ የሐኪም ዓይንና ጣት። ዕጢው በማኅፀን በር ብቻ ተወስኖ ከሆነ ተስፋው ሰፊ ነው፤ ወደ ዳሌ ግድግዳ ከደረሰ ወይም የሽንት ቧንቧን ዘግቶ ኩላሊትን ካሳበጠ ተስፋው ይጠብባል።

ይሁን እንጂ ደረጃ ሁሉን አይናገርም። በአንድ ደረጃ ላይ የነበሩ፣ አንድ ዓይነት ሕክምና ያገኙ ሁለት ሴቶች አንዷ ስትድን ሌላዋ በዓመቱ ታርፋለች። የጠቋሚ ፕሮቲኖች ፍለጋ የተነሣው ይህን ልዩነት ለማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ጠቋሚ

በ1977 ካቶና ቶሪጎዬ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከማኅፀን በር ካንሰር የለዩት ፕሮቲን በታማሚዎች ደም ውስጥ ሊለካ እንደሚችል አሳዩ። ይህ ዛሬ ኤስ.ሲ.ሲ. አንቲጅን የሚባለው ነው። መጠኑ ከበሽታው ደረጃ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ከሕክምና በፊት እጅግ ከፍ ብሎ ሲገኝ ብዙ ጊዜ በሽታው ወደ ንፍፊቶች መዛመቱን ይጠቁማል። ከሕክምና በኋላ ወርዶ እንደገና ቢያሻቅብ ደግሞ የበሽታውን ማገርሸት ሊያመለክት ይችላል።

ጉድለቶችም አሉበት። ከዕጢ ሕዋሳት (አዴኖካርሲኖማ) የሚነሣውን ዓይነት ካንሰር በሚገባ አያሳይም፤ በአንዳንድ የቆዳ በሽታዎችና በኩላሊት ድካምም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለክትትል ይረዳል እንጂ በሽታውን በመጀመሪያ ለማወቅ አይታመንበትም። ከሁሉም በላይ በሽታው ምን ያህል እንደ በረታ ቢናገርም ለምን እንደ መጣ አይናገርም ነበር።

የቫይረሱ ሁለት ፕሮቲኖች

«ለምን» የሚለውን የመለሰው የጀርመኑ ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1983 ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች.ፒ.ቪ.) ቁጥር 16ን፣ ቀጥሎም ቁጥር 18ን በማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ አገኙ። ዙር ሃውዘን ለዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቁጥር 18 በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ በሚታወቁት የሂላ ሕዋሳት ውስጥም ተገኘ። እነዚህ ሕዋሳት በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ያለ ፈቃዷ የተወሰዱ ናቸው። እርሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ዐረፈች፤ ሕዋሳቷ ግን እስከ ዛሬ ይባዛሉ። ዛሬ ስለዚህ በሽታ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከታማሚዎች አካል መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ቀጣዩ እርምጃ ቫይረሱ ሕዋሱን እንዴት እንደሚያበላሽ ማወቅ ነበር። በ1989 እና በ1990 የታተሙ ጥናቶች ኢ6 እና ኢ7 የተባሉትን የቫይረሱን ሁለት ፕሮቲኖች ሥራ ገለጡ። ኢ7 አርቢ የተባለውን፣ የሕዋስን መከፋፈል የሚገታውን ፕሮቲን ይዞ ልጓሙን ያስፈታዋል። ኢ6 ደግሞ ፒ53 የተባለውን፣ የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚጠብቀውን ዘበኛ ያስፈርሰዋል። በብዙ ሌሎች ካንሰሮች የፒ53 ዘረ መል ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል፤ በማኅፀን በር ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘረ መሉ ደህና ነው፤ የጠፋው ፕሮቲኑ ነው።

ፒ16 እና ሌሎች

በ1993 የታወቀው ፒ16 ከዚሁ ግኝት የሚከተል ነው። በጤነኛ ሕዋስ አርቢ የፒ16ን መመረት ይቆጣጠራል። ኢ7 አርቢን ሲያሰናክለው ፒ16 ያለ ልክ ይመረታል። ራሱ ፒ16 መከፋፈልን የሚገታ ፕሮቲን ቢሆንም የሚሠራው በአርቢ በኩል ስለሆነ አርቢ ከተሰናከለ በኋላ ብዛቱ አይጠቅምም። ለፓቶሎጂ ባለሙያ ግን ትልቅ ምልክት ነው፤ በናሙናው ላይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ቀለም ቫይረሱ የሕዋሱን ሥርዓት መያዙን ይመሰክራል።

ፒ16 ስለ በሽታው ፍጻሜ የሚናገረው ለመጀመሪያ ሰሚ ያስገርማል። በብዙ ጥናቶች ዕጢያቸው ፒ16ን በብዛት የሚያሳይ ሴቶች ከማያሳዩት ይልቅ የተሻለ ዕድሜ አላቸው። ምክንያቱም በቫይረሱ የተነሣው ካንሰር ለሕክምና የተሻለ ምላሽ ሲሰጥ፣ ከቫይረሱ ውጭ የሚነሣው ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም የከፋ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው የዕጢዎች ምድብ የማኅፀን በር ካንሰርን ከቫይረሱ ጋር የተያያዘና ያልተያያዘ ብሎ የከፈለው በዚሁ መነሻ ነው።

በ1983 በጀርመን ኪል ከተማ የተገኘው ኪ-67 በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን ያሳያል። ብቻውን ፍጻሜን በመተንበይ ረገድ የተገኙት ውጤቶች እርስ በርስ አይስማሙም። ከፒ16 ጋር ተጣምሮ ግን የቅድመ ካንሰር ለውጥ ያላቸውን ሴቶች ለመለየት ይጠቅማል። ፒ.ዲ.-ኤል.1 የተባለው ደግሞ ዕጢው ከሰውነት መከላከያ የሚሸሸግበት ፕሮቲን ነው፤ ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ አገሮች አዳዲስ መድኃኒቶች ለማን እንደሚሰጡ ለመወሰን ያገለግላል።

እዚህ ላይ የታሪኩን አቅጣጫ ልብ ይሏል። ሳይንቲስቶቹ የጀመሩት «ምን ያህል ትኖራለች?» ብለው ነበር። ፕሮቲኖቹ ግን ከሁሉ ይበልጥ የጠቀሙት «ከመታመሟ በፊት እንዴት እንድረስላት?» ለሚለው ጥያቄ ሆነ።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ነው። ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ይህ ነበር፤ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ሥራ የጀመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። ከወላይታ ሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለአንዲት የገጠር እናት ይህ ርቀት የመንገድ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ፣ የማደሪያና የአስታማሚ ጉዳይም ነው።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከመስከረም 2008 እስከ መስከረም 2012 በዚያ ማዕከል የታከሙ 1,059 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 49 ዓመት ነው። ሲመጡ 46.7 በመቶው በደረጃ 2ለ እስከ 3ሀ ላይ ነበሩ፤ የጨረር ሕክምናው ሲጀመር ግን በዚያ ደረጃ የቀሩት 19.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የቀነሱት በሽታቸው ስለ ተሻሻለ አይደለም፤ ተራ ሲጠብቁ ስለ ከፋ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ መካከለኛ ልክ 3.8 ወር ነበር። ሁለት ዓመት የመኖር ዕድላቸው 73.6 በመቶ ሆኖ ተሰላ፤ ከክትትል የጠፉት ሁሉ ሞተዋል ተብሎ ቢታሰብ ግን ወደ 45.4 በመቶ ይወርዳል።

እነዚህ ቁጥሮች በጥሞና ሊነበቡ ይገባል። በአራት ወር ገደማ ውስጥ የብዙ ሴቶችን የወደፊት ዕድል የለወጠው የፕሮቲን ልዩነት አልነበረም፤ ጊዜ ነበር። ፒ16ም ሆነ ኤስ.ሲ.ሲ. አንቲጅን በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ ሴቶችን ይለያይ ይሆናል፤ በመዘግየት የተሻገረን ደረጃ ግን መልሶ አያወርድም።

በጤና ጣቢያ ያለ ጠቋሚ ፕሮቲን

በእጃችን ያለ አንድ ጠቋሚ ፕሮቲን ግን አለ፤ ሄሞግሎቢን ነው። ደም ያነሳቸው ሴቶች በጨረር ሕክምና የሚያገኙት ውጤት ዝቅተኛ መሆኑ ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ ይታወቃል። ኦክስጅን ያጣ የካንሰር ሕዋስ ጨረርን በእጅጉ ይቋቋማልና። ደም መስጠት ብቻውን ዕድሜን ማራዘሙ በማያሻማ ሁኔታ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የደም መፍሰስን ማስቆም፣ ሄሞግሎቢንን ለክቶ በሪፈር ወረቀት ላይ መጻፍና የደም ማነስን ማከም ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ አይደለም።

ከዚህ የሚቀድመው በሽታውን መጠርጠር ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም የምታይ፣ የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ የሚደማት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ሴት በስፔኩለም ሳትታይ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ሊሰጣት አይገባም። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ለእነርሱ ምርመራው በ25 ዓመት እንዲጀመር የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መክሯል፤ ለሌሎቹ በ30 ዓመት ነው። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ፒ16ን አያሳይም፤ ይሁን እንጂ ፒ16 የሚያመለክተውን ለውጥ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛው ፕሮቲን

የቫይረሱ ፕሮቲኖች ታሪክ በኢ6 እና በኢ7 አያበቃም። በ1991 በአውስትራሊያ ዢያን ዡና ኢያን ፍሬዘር የቫይረሱን ልባስ የሚሠራው ኤል.1 የተባለው ፕሮቲን በላቦራቶሪ ሲመረት ራሱን እንደ ቫይረስ አድርጎ እንደሚሰበስብ አሳዩ። በውስጡ ዘረ መል ስለሌለው በሽታ አያመጣም፤ ሰውነትን ግን መከላከልን ያስተምራል። ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋሉት ክትባቶች በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በኢትዮጵያ ክትባቱ በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ዶዝ ሊበቃ እንደሚችል ማስታወቁም አቅርቦቱን አቅልሎታል።

በ2020 በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደ ተያዙና 5,338 እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ሕክምና ዘንድ የደረሱት «ትድናለች ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ደግ መልስ በማይገኝበት ሰዓት ነው።

የፓቶሎጂ አገልግሎታችን ፒ16ን በየሆስፒታሉ ለማየት እንዲበቃ መጣር ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። በሽታው እንዴት እንደሚፈጸም ከሚነግሩን ፕሮቲኖች ይልቅ ሕይወት የሚያተርፈው በትምህርት ቤት ለልጃገረዷ የሚሰጠው ፕሮቲን፣ እናቷንም በጊዜ መርምሮ ሳይዘገይ የሚልካት የጤና ባለሙያ ነው። የታማሚዋ ቤተሰብ ለሚያነሣው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ከካንሰር ማዕከል በር ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ በቢጠና ነው።