የጋራ ኮምፒውተር አቅም ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒውተር እየወሰዱ ነው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ ተሰጥቷል። ከመርሳም ሆነ ከወልድያ ለመጣ ተፈታኝ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ዘግይቶ ቢደርስ የሚባክነው የራሱ ሰዓት ነው።

ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። በወልድያና በመርሳ ግቢዎች ያሉትን ወልድያ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ተቋም የተማሪዎች ምዝገባ፣ የደመወዝ ሥራ፣ ፈተናና የተመራማሪዎች ረጅም ስሌት በአንድ ሰርቨር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

የሀብሩ መስኖ ተጠቃሚ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። የውኃ አባት ቦዩን ለአንዱ ከፍቶ ለሌላው ሲዘጋ፣ አዲስ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ እንደማይቆይ፣ የማንጎ ዛፍ ግን ቀናት እንደሚታገሥ ያውቃል። በሰርቨርም መጀመሪያ የሚለየው መቆየት የማይችለው ሥራ ነው። ለፈተና፣ ለክፍያና ለሕሙማን መዝገብ ድርሻ አስቀድሞ ይያዛል፤ ድርሻው ሥራ ሲፈታ ለሌላው ይዋሳል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይመለሳል። የመረጃ ቅጂ ማስቀመጥና የተመራማሪ ስሌት ወደ ሌሊት ተራ ይሄዳሉ።

ንጽጽሩ ግን ወሰን አለው። ቦይ የሚያካፍለው ውኃን ብቻ ነው፤ ሰርቨር ፕሮሰሰርን፣ ሚሞሪን፣ ዲስክንና የኔትወርክ መስመርን በአንድነት ያካፍላል። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ሚሞሪውን ጠቅልሎ ከወሰደ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ሁሉም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ጣሪያ ይበጃል፤ ሊነክስን የመሰሉ ሥርዓቶች ይህን ችሎታ በውስጣቸው ይዘዋል።

ሌላው አደጋ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚገፋ ሥራ ተራው ጨርሶ አለመድረሱ ነው። ባለሙያዎች «ረሀብ» ይሉታል፤ ስሙም አይበዛበትም። መፍትሔው የጠበቀው ጊዜ በረዘመ መጠን ቅድሚያውን ከፍ ማድረግ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ ኮምፒውተር ለበርካታ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ጊዜ እየሰጠ ሲሠራ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ተጠቃሚው ሥራውን በካርድ ላይ በስቶ ካስረከበ በኋላ ለሰዓታት ይጠብቅ ነበር።

ለሰሜን ወሎ መብራትም የክፍፍሉ አካል ነው። በ2014 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት አካባቢው በጦርነቱ ምክንያት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከርሟል፤ በሰላሙም ቀን ኃይል ይቋረጣል። በመሆኑም ረጅም ስሌት የደረሰበትን በየጊዜው ሊያስቀምጥ ይገባል፤ መብራት ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላልና። መብራት ሲጠፋም መቆየት የሚችሉት ሥራዎች ቀድመው ቢዘጉ ባትሪው ለፈተናው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ይህን ሁሉ ማሽኑ በራሱ አይወስንም። ቅደም ተከተሉ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የሚቀድመው ስልክ የደወለው ኃላፊ ሥራ ነው። የፈተና ወቅት ሳይደርስ የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ በየትኞቹ ሰዓታት፣ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነና ይህን የመለወጥ ሥልጣን የማን እንደሆነ ተጽፎ ለክፍሎቹ ሁሉ መድረስ አለበት።