ትከሻን በእሳት፣ በገመድ፣ በጡንቻ፦ የላላ መገጣጠሚያ ታሪክና የዮጋ ምንጣፍ

በባሌ ደጋ ፈረስ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ዛሬም መጓጓዣ ነው። በገሰራ ገጠር ወይም ከጎባ በላይ ባሉት መንደሮች አንድ ሰው ከፈረስ ወድቆ ትከሻው ቢወልቅ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራለት ወጌሻ ነው። ጥሩ ወጌሻ በእጁ ዳስሶ፣ ጎትቶ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ በቅቤ አሽቶ ያስራል። (መጥፎው ደግሞ አጥብቆ ያስርና ደም ይከለክላል፤ በዚህ ምክንያት እጅ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን የኢትዮጵያ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈውባቸዋል።) ግን ያው ትከሻ ከወራት በኋላ ጋቢ ሲደርቡ ብቻ ቢወልቅስ? ምንም ሳይወድቅ ከልጅነቱ ጀምሮ መገጣጠሚያው የሚንሸራተት ሰውስ? ማሰሪያው እዚህ ላይ አቅም ያንሰዋል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ይኖሩ ስለነበሩት እስኩቴሶች የተጻፈ አስገራሚ ክፍል አለ። ፈረሰኛና ቀስተኛ ሕዝብ ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ትከሻቸው፣ ክንዳቸው፣ ዳሌያቸው ላይ የእሳት ጠባሳ አለባቸው ይላል ጸሐፊው። ሰውነታቸው እርጥብና ልል ስለሆነ ቀስት ለመሳብና ጦር ለመወርወር ያቅታቸዋል፤ ሲተኮሱ እርጥበቱ ይደርቅና መገጣጠሚያቸው ይጠነክራል። መተኮስ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ያው የግሪክ የሕክምና ስብስብ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻን በብብት በኩል በጋለ ብረት ስለመተኮስም በዝርዝር ያስተምራል።

ይህን አንብቦ የሚስቅ ካለ ትንሽ ይታገሥ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የትከሻ ቀዶ ሐኪሞች የላላውን የመገጣጠሚያ ከረጢት በሌዘርና በሬድዮ ሞገድ ሙቀት እየተኮሱ ማሳጠር ጀመሩ። ለጥቂት ዓመታት ፋሽን ሆነ። ከዚያ ትከሻው ተመልሶ እንደሚላላ፣ አንዳንዱም ላይ ልስልስ አጥንቱ (ካርቲሌጁ) እንደሚጠፋ ታየና ተተወ። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ፣ በተሻለ ብረት፣ ያው ሐሳብ።

የሠራው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በርክሄድና ሮክውድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአጥንት ሐኪሞች፣ ትከሻቸው የማይረጋ ሰዎችን ጡንቻ በሚያጠናክር እንቅስቃሴ ብቻ አክመው ውጤቱን አወጡ። በአደጋ ከተጎዱት 74 ትከሻዎች ጥሩ ውጤት ያገኙት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለ አደጋ፣ በተፈጥሮ ልልነት ከሚንሸራተቱት 66 ትከሻዎች ግን 80 በመቶ። ከፈረስ የወደቀውና ሲወለድ የላላው ሰው አንድ ዓይነት ሕመምተኛ አይደሉም ማለት ነው። ለሁለተኛው ዋናው መድኃኒት የራሱ ጡንቻ ነው።

ማን ልል እንደሆነ የሚለካበት መንገድ ደግሞ ከአፍሪካ የመጣ ነው። ፒተር ቤይተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ አፍሪካ ገጠር ከ1,000 በላይ የጽዋና ሕዝብ ተወላጆችን መርምረው ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበትን የ9 ነጥብ መለኪያ አወጡ። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ትሄዳለች? አውራ ጣት ታጥፎ ክንድን ይነካል? ክርንና ጉልበት ወደ ኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለመጣሉ? እነዚህ ለቀኝና ለግራ አንድ አንድ ነጥብ ናቸው። ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍን መሬት ማስነካት ዘጠነኛው ነው። ለአዋቂ ሰው 5 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ሴቶች ከወንዶች፣ ልጆች ከአዋቂዎች ይበልጥ ልል ናቸው። ነጥብ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ብዙ ልል ሰዎች ምንም ሳያማቸው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዮጋው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ሰኔ 14ን የዮጋ ቀን ካለ ወዲህ በአዲስ አበባ የሕንድ ኤምባሲ ዕለቱን ያከብራል፤ ሮቤ ያለ ወጣት ደግሞ በስልኩ ያየዋል። ብዙ ሰው የሺህ ዓመታት ልማድ ሳይለወጥ የመጣ ይመስለዋል። ዛሬ የምናየው የአቋቋም ዮጋ መልኩን በብዛት የያዘው በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ነው፤ መምህሩ ክሪሽናማቻሪያ ልጆችን እያሠለጠነ በእንግዶች ፊት ያሳይ ነበር። ማሳያ ደግሞ የሚመርጠው ይበልጥ የሚተጣጠፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ በተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያም ጭብጨባው ያው ነበር፤ ልዩነቱ የሰርከስ ልጅ ከመተጣጠፉ እኩል ጉልበት እንዲያወጣ መገደዱ ነው። የስልክ ተማሪ ይህ የለውም። ከክሪሽናማቻሪያ ተማሪዎች አንዱ፣ በልጅነቱ በሽተኛና ደረቅ ሰውነት የነበረው አየንጋር፣ በኋላ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና የግድግዳ ገመድ ወደ ዮጋ ያስገባው ሰው ሆነ። ዕቃዎቹ የታሰቡት በአብዛኛው ለማይታጠፈው ነበር። ይበልጥ የሚያስፈልጉት ግን ከመጠን በላይ ለሚታጠፈው ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ደረቅ ሰው ጡንቻው ሲወጠር ያመዋልና ይቆማል። ልል ሰው ውጥረቱ የሚሰማው ዘግይቶ፣ ጅማቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው። መገጣጠሚያው የት እንዳለ የሚነግረው ስሜትም ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ክርኑ ቀጥ ያለ ሲመስለው ወደ ኋላ ተለምጧል። ስለዚህ «እስኪሰማህ ተለጠጥ» የሚለው ትእዛዝ ለእሱ መርዝ ነው። የሚሻለው መጨረሻው ሳይደርስ ማቆም፣ ክርንና ጉልበትን በትንሹ አጠፍ አድርጎ ጡንቻን መጨበጥ፣ ግድግዳና መስታወት መጠቀም፣ በዝግታ መግባትና በዝግታ መውጣት ነው። እንደ ጎባ ባለ ብርዳም ጠዋት ሰውነት ሳይሞቅ አለመጀመር። አስተማሪ ጀርባ ላይ ተጭኖ «ትንሽ ጨምር» ቢል አይሆንም ማለት። ሙሉ ክብደትን አንገት ላይ የሚጥለውን በራስ መቆም መተው። ትከሻው የሚወልቅ ሰው ክንዱን ከኋላ ከሚጠመዝዝ አቋቋም ይራቅ።

መገጣጠሚያው በተደጋጋሚ የሚወልቅ፣ ቆዳው እንደ ላስቲክ የሚሳብ ወይም በቀላሉ የሚቀደድ፣ ሲነሳ ራሱን የሚስት፣ ከቤተሰቡም በወጣትነቱ የደም ሥር ፈንድቶበት የሞተ ያለበት ሰው ግን ምንጣፍ ከመዘርጋቱ በፊት ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ ኤህለርስ ዳንሎስ ከሚባሉት በዘር የሚወረሱ ችግሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ 13 ዓይነቶቹን ለይቷል፤ የደም ሥርን የሚያጠቃው ዓይነት በመለጠጥ ቀርቶ በቀዶ ሕክምናም ጊዜ የሚያሰጋ ነው።