ጎሹ ሄዶ ስሙ ቀረ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ቡራዩን አልፎ ገፈርሳ ግድብ ይደርሳል። «ጋፈርሳ» በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። መዲናዪቱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ውኃ በምትቀዳበት በዚህ ሥፍራ ዛሬ ጎሽ የለም፤ ጎሽ አይተው የሚነግሩን አያትም የሉም። ስሙ ግን በግድቡ ላይ አለ።

ያላየነውን የአባቶቻችንን ነገር በስም ብቻ ሳይሆን በደምም ልንወርስ እንችላለን? እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን አንድ ሽታ እያሸተቱ በኤሌክትሪክ በመንዘር እንዲፈሩት አደረጉ። ሽታው ደርሷቸው የማያውቅ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ሽታ ሲያገኙ ከሌሎች ይልቅ በረገጉ። ውጤቱን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። በአገራችንም የ1977ቱን ረኃብ ራያ ቆቦ ውስጥ በጽንስነትና በሕፃንነት ያሳለፉ ሰዎች አድገው ሲመረመሩ ረኃቡ አሻራውን ትቶባቸው ተገኝቷል።

አሻራ ግን ትዝታ አይደለም። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን በሬው በበሽታ አልቆ እርሻው ጦም ማደሩን ደም አይናገርም፤ የሚናገረው አፍ ነው። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነገሩን ለደም አልተዉትም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዘር ከገጠመ ሠርጉ ይቀራል። የቱለማ ኦሮሞም ልጅ አባቶቹን ወደ ላይ ቆጥሮ ከጎሳው ይደርሳል። ቆጠራው ሥራ ስለነበረው አልተረሳም። እንዲሁም ከሰበታ በላይ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ጥድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ዛሬም የሚተረከው ደኑ ስላለ ይመስለኛል።

አሁን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ሜዳ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከየአገሩ የመጣው ነዋሪም የየራሱን ቆጠራ ይዞ ገብቷል። ግጦሹና ምንጩ ሲጠፋ የሜዳው ስም ሥራ ፈታ፤ ሰፈሩ በብሎክና በሳይት ይጠራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሥራ የፈታ ስም ከአንድ ትውልድ በላይ አይቆይም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የቆማችሁበት መሬት ብሎክ ከመሆኑ በፊት ምን ይባል እንደነበር የሚያውቁ አዛውንት ዛሬም በሕይወት አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው።